ዓሣ ማጥመድ በምዕራብ ጎንደር ቆላ

ዓሣ ማጥመድ በምዕራብ ጎንደር ቆላ በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በተለይ በመተማና በቋራ ወረዳዎች፣ በወንዞችና ወንዞቹ በበጋ ሲቆራረጡ በሚቀሩ ኩሬዎች የሚካሄድ የዓሣ አያያዝ ነው። አካባቢው ሐይቅ የለውም። ዓሣው ክረምት በሚሞሉና በጋ በሚጎድሉ ወንዞች ውስጥ ስለሚኖር፣ የሚያዝበት መሣሪያ፣ ጊዜና ቦታ እንደ ውኃው ከፍታ ይለዋወጣል። በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ እንዳሳየው፣ ሰዎች በዚህ ቆላ ከወንዝ ዓሣ አውጥተው መብላት ከጀመሩ ከ70,000 ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል።

ወንዞቹና የውኃው ጠባይ

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከጣና ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚዘቀዘቅ ሞቃት ምድር ነው። የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉ ስሟን ከገለጉ ወንዝ ጋር ትጋራለች። የአካባቢው ዋና ዋና ወንዞች በሁለት ተፋሰሶች ይመደባሉ።

- የተከዜ ተፋሰስ፦ ጓንግና ገንዳ ውኃ። ጓንግ ድንበር ከተሻገረ በኋላ አትባራ ይባላል፤ ከተከዜ ጋር ከተገናኘ በኋላ ከታላቁ ናይል ይቀላቀላል።
- የዓባይ ተፋሰስ፦ ሽንፋ፣ አይማና ገለጉ። ሽንፋ በሱዳን ራሃድ ተብሎ ይጠራል። የአይማና የገለጉ ውኃ በድንድር ወንዝ በኩል ይወርዳል። ድንድርና ራሃድ ሁለቱም በሱዳን ውስጥ ከዓባይ ጋር ይገናኛሉ።

ዝናቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። በክረምት ወንዞቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ደፍርሰውና ፈጥነው ይወርዳሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውኃው ይጠራል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከጥር በኋላ ብዙዎቹ ወንዞች መፍሰሳቸውን አቁመው የተለያዩ ኩሬዎች ሰንሰለት ይሆናሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ከፍተኛ ሙቀት ትንንሾቹ ኩሬዎች ይደርቃሉ፤ ጥልቅ የሆኑት ብቻ እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቆያሉ። በሱዳኑ ድንድር ብሔራዊ ፓርክ ወንዙ ትቶት በሄደው አሮጌ መስመር ላይ የሚቀሩ እንዲህ ያሉ ውኃዎች «ማያ» ይባላሉ።

ዓሣው የሚራባው በአብዛኛው ውኃው በሚሞላበት ወቅት ነው። ጎርፉ ሲመጣ በኩሬ የተረፉትና ከታች ከትልቁ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ወደ ገባሮችና በውኃ ወደተሸፈነው ሣር ገብተው እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ በጥልቅ ኩሬ ውስጥ በሕይወት ያለ ዓሣ ለመጪው ዓመት ዘር ነው። ኩሬው ሲያንስ ግን ዓሣው ስለሚታጨቅ ለመያዝ እጅግ የሚቀለውም በዚሁ ጊዜ ነው። በአካባቢው ስለ መሣሪያ ምርጫ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ተቃርኖ የሚመነጭ ነው።

የሚያዙ ዓሦች

የእነዚህ ወንዞች ዓሦች ከጣና ሐይቅ ዓሦች ይለያሉ። ጣናን ከታችኛው ዓባይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚለየው፣ ከታች የሚኖሩ ብዙ ዝርያዎች ወደ ሐይቁ መውጣት አልቻሉም። የቆላዎቹ ወንዞች ግን ከሱዳኑ ሜዳ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። በመሣሪያ ምርጫ ረገድ በተፋሰሱ የሚታወቁት ዋና ዋና ዓሦች የሚከተሉት ናቸው።

- አምባዛ፦ ቅርፊት የሌለው፣ ባለ ጢም ዓሣ ነው። ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር መተንፈሻ አካል ስላለው ሌሎች ዓሦች በሚሞቱበት ጭቃማ ውኃ ውስጥ ይቆያል። ምግቡን በአብዛኛው በሽታና በጢሙ ስሜት ስለሚያገኝ በሌሊትና በድፍርስ ውኃም ይያዛል።
- ቆሮሶ፦ በሌላ ስሙ ቲላፒያ ነው። ዕፅዋትና በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ሕይወት ይመገባል። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ፣ በመራቢያ ጊዜ አንዲት እናት ስትያዝ ጫጩቶቿም አብረው ይጠፋሉ።
- ባርበስና ላቤዎ፦ ቅርፊት ያላቸው የወንዝ ዓሦች ሲሆኑ፣ በመራቢያ ወቅት ወደ ላይ በቡድን ይጓዛሉ።
- ባግረስ፦ ትላልቅ አዳኝ ባለ ጢም ዓሦች ሲሆኑ ጥልቅ ውኃ ይመርጣሉ።
- ሲኖዶንቲስ፦ በጀርባውና በጎኑ ያሉት እሾሆች እንደ መጋዝ የተሰነጠቁ ናቸው። ሲያዝ ስለሚያቆማቸው መረብ ያወሳስባሉ፤ እጅም ያቆስላሉ።
- የነብር ዓሣ፦ ረጃጅምና የተሳሉ ጥርሶች ያሉት ፈጣን አዳኝ ነው፤ ተራ የናይለን ክር ይቆርጣል።
- ናይል ፐርች፦ ከአፍሪካ የወንዝና የሐይቅ ዓሦች ትልልቆቹ ከሆኑት አንዱ ነው። በጣና ሐይቅ አይገኝም፤ በታችኛው ዓባይ ግን ይኖራል። በሚመቸው ትልቅ ውኃ ውስጥ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ በገባር ወንዞች የሚገኘው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ታሪክ

በሽንፋ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሽንፋ-መተማ 1 የተባለ የድንጋይ ዘመን ሰፈራ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በጆን ካፕልማን የሚመራ ቡድን ያጠናው ሲሆን፣ ውጤቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024) በ«ኔቸር» መጽሔት ታትሟል። በቦታው የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የመቁረጫ ምልክት ያለባቸው የእንስሳት አጥንቶች፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶችና የዓሣ ቅሪቶች ተገኝተዋል። ከመሣሪያዎቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገምተዋል።

በአፈሩ ንብርብር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶች ተገኝተዋል። ቅንጣቶቹ ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት ከፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ መሆናቸው በኬሚካዊ ይዘታቸው ተለይቷል። ከፍንዳታው በኋላ አካባቢው ይበልጥ እንደደረቀ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የእንስሳት ጥርስ ምርመራ አመልክቷል። በዚሁ ጊዜ በሰፈራው ከተገኙት ቅሪቶች መካከል የዓሣው ድርሻ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አድጓል። የጥናቱ ማብራሪያ ዛሬም ከሚታየው የወንዙ ጠባይ ጋር ይገጣጠማል፦ ደረቁ ወቅት በረዘመ ቁጥር ወንዙ ወደ ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች ይለወጣል፤ በኩሬ የታሰረን ዓሣ ለመያዝ ደግሞ የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም።

ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው ሰፋ ያለ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰዎቹ የአንዱን ኩሬ ዓሣ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው እየተጓዙ የወንዞቹን መስመር ተከትለዋል፤ እንዲህ ያሉ ወቅታዊ ወንዞችም ሰው ከአፍሪካ ለወጣበት ጉዞ መንገድ ሆነው ሊሆን ይችላል። ይህ አኗኗር የሰው ቁጥር ጥቂት፣ ያልተነካ ኩሬ ደግሞ ብዙ በነበረበት ዘመን የሚያዛልቅ ነበር። ዛሬ ግን በየወንዙ ዳር መንደርና እርሻ ስላለ፣ የአንዱ ኩሬ ዓሣ ሲያልቅ የሚኬድበት ሌላ ያልተነካ ኩሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መሣሪያዎች

መንጠቆና የእጅ ክር

በዋጋው ርካሽና ለአንድ ሰው የሚበቃው መሣሪያ ክር፣ መንጠቆና ማስጠሚያ እርሳስ ነው። የመንጠቆ መጠን በቁጥር ይገለጻል። ከ1 ወደ ላይ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ለምሳሌ 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። ከዜሮ ጋር በእዝባር የሚጻፉት (1/0፣ 2/0፣ 5/0) ግን በተቃራኒው ቁጥራቸው ሲጨምር ያድጋሉ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ፣ አምባዛና ባግረስ ትልቅና ወፍራም መንጠቆ ይፈልጋሉ። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆ ዓሣውን በአብዛኛው በአፉ ጥግ ስለሚይዝ፣ ትንሽ ዓሣ ሳይጎዳ ለመልቀቅ ይመቻል።

ለምግብነት የምድር ትል፣ የትንሽ ዓሣ ቁራጭ፣ የሥጋ ትርፍራፊና ሊጥ ይሰካሉ። ብዙ መንጠቆዎች በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ሲያድሩ ደግሞ በተለይ ለአምባዛና ለባግረስ ያገለግላሉ።

ዘንግና ማጠንጠኛ

ዘንግ ክሩን ወደ ሩቅ ለመወርወርና የዓሣውን ግፊት በመታጠፍ ለመቀበል የሚያገለግል ነው። ማጠንጠኛ ክሩን ይጠቀልላል፤ በውስጡ ያለው ፍሬንም ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ ሳይበጠስ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ምርጫው ከክሩ ይጀምራል። ክር በሚበጠስበት ክብደት ይለካል፤ ዘንጉም ማጠንጠኛውም ከዚሁ ልክ ጋር መመጣጠን አለባቸው። ፍሬኑ በተለምዶ ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ይጠብቃል። 8 ኪሎ በሚችል ክር ላይ ይህ ከ2 እስከ 2.7 ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

ነጠላ የናይለን ክር ስለሚለጠጥ የዓሣውን ድንገተኛ ጉተታ ያለዝባል። የተጎነጎነ ክር ደግሞ ሳይለጠጥ በቀጭንነቱ ብዙ ክብደት ይችላል፤ ድንጋይ ላይ ሲፈተግ ግን ቶሎ ይቆረጣል። የነብር ዓሣ ባለበት ውኃ ከመንጠቆው በላይ አጭር የብረት ሽቦ መጨመር ያስፈልጋል። ለወንዝ ዳር ሁለት ሜትር ከግማሽ የማይበልጥ ዘንግ ይበቃል፤ ቁጥቋጦ በበዛበት ዳርቻ አጠር ያለው ይመቻል።

በመሠረቱ ይኸው የመመጣጠን ሕግ በባሕር ላይ ቱና ለሚያጠምዱም ይሠራል፤ ልዩነቱ የኃይሉ መጠን ነው። ከጀልባ ላይ በውኃው ገጽ የሚንቦጫረቅ ማባበያ የሚወረውሩት ረዘም ያለ ዘንግ ይይዛሉ። ከባድ ብረት ወደ ጥልቅ አስጥመው ወደ ላይ እየሰበቁ የሚስቡት ደግሞ አጭርና ጠንካራ ዘንግ ይመርጣሉ። ቱና ብዙ መቶ ሜትር ክር እየሳበ ስለሚሮጥ ማጠንጠኛው ትልቅ፣ ፍሬኑም ሙቀትን የሚችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ከባድ ዕቃ ለቆላ ወንዝ አይስማማም፤ ወፍራሙ ዘንግ የትንሽ ዓሣ ንክሻ አያሰማም፣ ቀላል ምግብም ሩቅ አይወረውርም።

ሰው ሠራሽ ማባበያ

ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ የሚጠቅመው በዓይናቸው ለሚያድኑ ዓሦች፣ በተለይ ለነብር ዓሣና ለናይል ፐርች ነው። ማንኪያ መሰሉ ብረት ሲሳብ እየተወዛወዘ ያንጸባርቃል። ምላስ ያለው ማባበያ ሲሳብ ወደ ውስጥ ይጠልቃል፤ አፉ የተቦረቦረው ደግሞ በውኃው ገጽ ላይ ድምፅና አረፋ ይፈጥራል። በክረምቱ ድፍርስ ውኃ ዓሣው ማባበያውን ስለማያይ የሚሻለው ሽታ ያለው ምግብ ነው። ማባበያ የሚሠራው ከጥቅምት በኋላ ውኃው ሲጠራ ነው።

መረብ

ተዘርግቶ የሚቆም መረብ ከላይ በተንሳፋፊ፣ ከታች በክብደት ተይዞ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ዓሣው ራሱን በዓይኑ አስገብቶ ከስንጥቡ ኋላ ይያዛል። የመረቡ ዓይን ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ሲለካ የሚገኘው ስፋት የሚያዘውን ዓሣ መጠን ይወስናል። በጣም ትንሹ ዓሣ ያልፋል፣ በጣም ትልቁ ራሱን ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ያሳልፋል፤ ጠባብ ዓይን ያለው ግን ሳይወልድ ይይዘዋል።

ከአንድ ወጥ የናይለን ክር የተሠራው መረብ በውኃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ ይጣላል፤ የተጣለውም ሳይበሰብስ ለረጅም ጊዜ ዓሣ፣ ወፍና ኤሊ እየያዘ ይቀጥላል። በዳርና ዳር በሰዎች የሚጎተት መረብ በአንጻሩ የዓሣውን መጠን እምብዛም አይለይም። በትንሽ ኩሬ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጎተት የሚተርፍ ዓሣ ጥቂት ነው። ተወርዋሪ መረብ ክብ ሆኖ ከላይ የሚጣል ሲሆን ጥልቀት ለሌለው ግልጥ ውኃ ይስማማል።

ጦርና ወጥመድ

ጦር፣ ከቀጭን እንጨት የተጠለፈ ቅርጫትና በጠባብ መውረጃ ላይ የሚሠራ አጥር በቆላ ወንዞች የሚሠራባቸው ቀደምት መሣሪያዎች ናቸው። በአካባቢው ከሚኖሩት ሕዝቦች መካከል ጉሙዞች ከአደንና ከእርሻ ጎን ለጎን ዓሣ በማጥመድ ይታወቃሉ። በወጥመድ የተያዘ ዓሣ በሕይወት ስለሚቆይ ትንሹን መርጦ መልቀቅ ይቻላል።

የመሣሪያ አመራረጥ በወቅት

- ሰኔ–መስከረም፦ ወንዙ በጎርፍ ይሞላል፤ መረብ በግንድና በቅጠል ይቀደዳል። ከዳር የሚጣል ክር ከከባድ እርሳስና ሽታ ካለው ምግብ ጋር ለአምባዛ ይሠራል። ወቅቱ የመራቢያ ስለሆነ በገባር ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ለመውለድ የሚወጣውን ዓሣ በሙሉ ይይዛል።
- ጥቅምት–ታኅሣሥ፦ ውኃው ይጠራል፣ ዓሣውም በክረምቱ ምግብ ወፍሯል። ዘንግ፣ ማባበያና ሰፊ ዓይን ያለው ቋሚ መረብ ይስማማሉ። ለማጥመድ የሚመረጠው ወቅት ይህ ነው።
- ጥር–የካቲት፦ ወንዙ ይቆራረጣል። ቶሎ በሚደርቁ ትንንሽ ኩሬዎች የታሰረ ዓሣ ካልተያዘ ስለሚሞት፣ በቅርጫት፣ በተወርዋሪ መረብም ሆነ በእጅ ቢወጣ ዘርን አይጎዳም።
- መጋቢት–ግንቦት፦ የቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች የዘር ማቆያ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ነጠላ መንጠቆ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ የሚጎተት መረብ ግን የወንዙን ክፍል በአንድ ቀን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ጎጂ ዘዴዎች

የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መጨመር በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች የታወቀ የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያግደው፣ ዓሣው ራሱን ስቶ ይንሳፈፋል። መርዙ ትልቁንና ትንሹን አይለይም፤ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም ይገድላል። የእርሻ ፀረ ተባይ መጠቀም ከዚህ የባሰ ነው፤ ኩሬው የሰውና የከብት መጠጥ ስለሆነ አደጋው ዓሣውን ከሚበላው ሰው አልፎ ውኃውን ለሚጠጣው ሁሉ ይደርሳል።

የመረብ ብዛትና ቦታ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት የጣና ሐይቅ ታሪክ ያሳያል። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1986) የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። በቀጣዮቹ ዓመታት በመራቢያ ወቅት በገባር ወንዞች አፍ ላይ መረብ ስለተዘረጋ፣ በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የባርበስ ዝርያዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ጣና ሰፊ ሐይቅ ሆኖ ይህ ከደረሰበት፣ ዓሣው በጥቂት ኩሬዎች በሚከማችበት ወንዝ ጉዳቱ የበለጠ ፈጣን ይሆናል።

ሕግና ጥበቃ

በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት አጠቃቀም የሚመራው በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። የአማራ ክልልም የራሱ የዓሣ ሀብት ሕግ አለው።

ከገለጉ ከተማ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,665.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ከተቋቋመው የድንድር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በጥበቃ ክልል ውስጥ ያለ ጥልቅ ኩሬ ጥቅሙ ከፓርኩ ወሰን ያልፋል፤ በዚያ የተረፈው ዓሣ በክረምት ጎርፍ ወደ ሌሎች የወንዙ ክፍሎች ይሰራጫል። ዓሣው ድንበር ሳያግደው ስለሚመላለስ በኢትዮጵያ በኩል የሚጠፋው ኩሬ የሱዳንን አጥማጅ፣ በሱዳን በኩል የሚጠፋውም የኢትዮጵያን አጥማጅ ይነካል።

አያያዝና ገበያ

በቆላው ሙቀት ዓሣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። በረዶ በማይገኝበት ቦታ ዓሣው እንደተያዘ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦና በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ በጥላ ይቀመጣል፤ ካልሆነም ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት በፀሐይ ይደርቃል። ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን የደረቀ ዓሣ «ከጀይክ»፣ በጨው ተብላልቶ የሚቆየው ደግሞ «ፈሲክ» ይባላል። በኢትዮጵያ በኩል ፍላጎቱ ከጾም ጋር ይያያዛል፤ በጾም ወራት ሥጋና ወተት የማይበሉ ነገር ግን ዓሣ የሚመገቡ ብዙዎች ናቸው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ማለትም ኩሬዎቹ በሚያንሱበት ወቅት ስለሆነ፣ የገበያው ፍላጎት ከፍ የሚለውና የዘር ዓሣው ለአደጋ የሚጋለጠው አንድ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የተያዘውን ማድረቅ ይህን ጫና ሊቀንስ ይችላል።

ጥንቃቄ

በጥልቅ ኩሬዎች ዳር አዞ ሊኖር ስለሚችል ክር የሚጣለው ከውኃው ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ በወባና በካላዛር የታወቀ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ስለምትናደፍና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ስለምትጠለል፣ ከወንዝ ዳር የሚያድር አጥማጅ አጎበር ያስፈልገዋል። የሲኖዶንቲስ እሾህ የወጋው ቦታ በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት።

ደግሞ ይዩ

- አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ
- መተማ
- ቋራ
- ዓባይ ወንዝ
- ጣና ሐይቅ